በራስ ላይ መመስከር፦ የባርነትንና የጦርነትን ታሪክ የጻፉት ምሁር

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ከዓመታት በፊት ኒካሕ እንድናስር ተጠርተን ወደ አንድ ቤት ሄድን። ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቧል። ስለ መህሩ ተነጋግረን ምስክሮቹን ልንጠራ ስንል የልጅቱ ታላቅ አጎት ክንዳችንን ይዘው ወደ በረንዳ አወጡን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሸኽዬ፣ ልጁ ሰጋጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ በእሱ ላይ ምንም የለንም። ግን የአያቱ እናት በገንዘብ የተገዛች ነበረች ሲሉ ሰማን። እኛ ከዚያ ዘር አንቀላቀልም» አሉን። እኛም፣ «የተገዛችውስ ከማን ቤት ነበር? የገዛትስ ማን ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። ዝም አሉ። በዚያ ቀን ኒካሑ ሳይታሰር ቀረ።

ወገኖቼ! የተገዛችው ሴት ዘር እስከ አራተኛ ትውልድ ድረስ ሲቆጠርባት የገዛት ሰው ዘር ግን በክብር ይኖራል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ያገኘነው በኪታብ ብቻ ሳይሆን በታሪክም ነው። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን እንደዚያች ሴት ያሉ ሰዎች ከየት ተነሥተው፣ በየትኛው መንገድ አልፈው፣ በማን እጅ እንደተሸጡ ስለመረመሩ አንድ የአገራችን ምሁር እንነጋገራለን። እኒህ ምሁር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት ዶክተር አብዱሰመድ አሕመድ ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ስለ ነጋዴው የጻፈ ሰው

የአገራችን ታሪክ ለረጅም ጊዜ የነገሥታት ታሪክ ነበር። ማን ነገሠ፣ ማንን ወጋ፣ የትኛውን ደብር አሠራ የሚለው በዜና መዋዕል ይጻፋል። ጨው በበቅሎ ጭኖ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ የሚመላለሰው ነጋዴ ግን ስሙን የሚጽፍለት ጸሐፊ አልነበረውም። ዶክተር አብዱሰመድ ጥናታቸውን የጀመሩት ከዚህ ሰው ነው። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጎጃምን ንግድና ፖለቲካ አጠኑ፤ በ1986 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡትም ሥራ በጎጃም ንግድና በነጋዴው ካፒታል ላይ ያተኮረ ነበር።

የነጋዴውን ዱካ የተከተለ ሰው ጭነቱንም መቁጠሩ አይቀርም። ከጭነቱም መካከል ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ቡናና ቆዳ አለ። ከጭነቱ ጎን ደግሞ በእግራቸው የሚነዱ ሰዎች አሉ። ምሁሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። በ1988 ባሳተሙት ጥናት ከ1830 እስከ 1885 ገደማ በመተማ፣ በምጽዋና በታጁራ በኩል ከአገራችን ስለወጡት ባሪያዎች ጻፉ። በመተማ በኩል የወጣው ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይሄዳል፤ በምጽዋና በታጁራ የወጣው ባሕር ተሻግሮ ወደ ዐረብ ምድር ይሻገራል። ከጊቤ አካባቢ የተያዙት የኦሮሞ ልጆች ዓባይን ተሻግረው በጎጃም ገበያዎች አልፈው ወደ ጎንደር ይመጡ ነበር፤ ከጎንደር በጭልጋ አድርገው ወደ መተማ ይወርዱ ነበር። ዛሬ ለዘመድ ጥየቃ በመኪና የምንወርድበት መንገድ ያኔ የእንባ መንገድ ነበር።

የጎንደርና የዳሪጣ ሙስሊሞች

ምሁሩ የእኛን ከተማም አልዘነጉም። በ1988 ስለ ጎንደር ሙስሊሞች እስከ 1935 ያለውን ታሪክ፣ በ1989 በበጌምድር ስለነበረችው የሙስሊሞች ከተማ ስለ ዳሪጣ፣ በ2000 ደግሞ ከ1864 እስከ 1941 ስለነበሩት የጎንደር ሙስሊሞች ጽፈዋል። ዳሪጣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በይፋግ ገበያ አካባቢ የነበረች የነጋዴዎች መንደር ናት። ዛሬ ስሟን የሚያውቅ ልጅ ከቶ ስንት ይገኛል?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 ከቆረቆሩ በኋላ ሙስሊሙ ነጋዴና ሸማኔ ለከተማዋ አስፈላጊ ሰው ሆነ። ሆኖም በልጃቸው በዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668 በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። በጎንደር የሙስሊሙ ሰፈር በቀሃ ወንዝ አካባቢ ሆነ፤ ኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈራችን ነው። ሙስሊም ርስት አይወርስም፤ ርስት የሌለው ደግሞ በሬ ጠምዶ በራሱ መሬት ማረስ አይችልም። «ሰማይ አምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። የቀረለት በር ሁለት ነው፦ ሽመናና ንግድ። ክርስቲያኑ ባሪያ እንዲያገለግለው ይፈቀድለት የነበረ ቢሆንም ለሌላ ሃይማኖት ሰው መሸጥ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ የተነቀፈ ስለነበር የሩቁ የባሪያ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊሙ ነጋዴ እጅ ገባ።

ወገኖቼ! ይህ ምክንያት ነው እንጂ ማመካኛ አይደለም። ሰው መሬት ስለተነፈገ ነጋዴ ይሆናል፤ ነጋዴ ስለሆነ ብቻ ግን ሰው መሸጥ የለበትም። በዚያው ገበያ ጨውና ሸማ ብቻ ሸጠው የኖሩም ነበሩና።

ጦርነቱና ገበያው

ባርነትና ጦርነት እንደ እሳትና እንጨት ናቸው። ከ1769 እስከ 1855 በዘለቀው ዘመነ መሳፍንት መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ገበሬው ይዘረፋል፣ ደካማው ይማረካል፣ የተማረከውም ለገበያ ይውላል። መስፍኑ ጠመንጃ ይፈልጋል፤ ጠመንጃ የሚገኘው ከባሕር ዳርቻ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ዕቃ የሚያመጣው ነጋዴ ነው። ነጋዴውም ከመስፍኑ ጥበቃ ያገኛል፣ ቀረጥም ይከፍለዋል። ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው የገዙት የየጁ መሳፍንት ዘራቸው ከሙስሊም የሚመዘዝ ስለነበር ሙስሊሙ ነጋዴ በዘመናቸው ከሌላው ጊዜ የተሻለ እፎይታ ነበረው።

በየካቲት 1855 ደጃዝማች ካሣ በደራስጌ ድል አድርገው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለዋል፤ ይህን መልካም ሥራቸውን እንመሰክርላቸዋለን። በ1864 ግን ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አዘዙ። በ1866 መጨረሻ ደግሞ ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ። ያን ጊዜ የተቃጠሉት የክርስቲያኖች አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ነበሩ። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሙስሊሙን ወደ ክርስትና መግባት የመንግሥት ፖሊሲ አደረጉት። ያልተቀበለው በወሎ እነ ሸኽ ጦልሓን ተከትሎ ተዋጋ፤ ሌላው ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ሌላውም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

በጥር 1888 የመሐዲስቶች ጦር በአቡ ዐንጃ መሪነት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት በሳር ውኃ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ብዙ ሰው ማርኮ ወደ ሱዳን ነዳ። የተነዱት ሴቶችና ሕፃናት እንደ ባሪያ ተቆጠሩ። በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው በመተማ ጦርነት ቆስለው ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዐፄ ዮሐንስ በሙስሊሙ ላይ ያደረጉትን ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል። መሐዲስቶቹ በጎንደር ክርስቲያኖች ላይ ያደረጉትን ስንናገርስ? በሃይማኖት ስም የመጣ ጦር ሴትን ከልጇ ነጥሎ ለገበያ ሲያወጣ «ወንድሞቻችን ናቸው» ብለን እናልፈዋለን? እውነተኛ ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም በአንድ ቀለም ይጽፋል።

ቄሱና ሸኹ በአንድ ሚዛን

የዶክተር አብዱሰመድ ሚዛን ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በሁለት ጥናቶቻቸው ነው። በ1996 ባሳተሙት ሥራ ከ1900 እስከ 1935 በዘጌ ስለነበረው የቡና እርሻ ጻፉ። ዘጌ በጣና ሐይቅ ዳር ያለች የገዳማት ምድር ናት፤ በልማዷ በሬ አይጠመድባትም፤ ሀብቷ ቡና ነው። ቡናው ጉልበት ይፈልጋል። ያ ጉልበት ከምዕራቡ ቆላ የመጡ ባሪያዎች ጉልበት እንደነበር፣ የቡናው ባለቤቶችም ካህናቱ እንደነበሩ ምሁሩ አሳዩ።

ይህን ያነበበ ሙስሊም «ይኸው! ባሪያ አሳዳሪው ማን እንደነበር ታየ» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን አይቸኩል። በ1999 ያው ምሁር ከ1897 እስከ 1938 በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ስለነበረው የባሪያ ንግድ ጻፉ። በዚህኛው ጥናት ግንባር ቀደም ሆነው የሚታዩት የአሶሳው ገዥ ሸኽ ኾጀሊ አል ሐሰን ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ሸኽ ይባላሉ፤ ለማዕከላዊው መንግሥት ከወርቅ ጋር ባሪያ ይገብሩ ነበር። ባለቤታቸው ሲት አምናም በሱዳን ድንበር በነበረው የባሪያ ንግድ ስማቸው የታወቀ ነው። ከደጋ የሚወርዱት ክርስቲያን መኳንንትም የጉሙዝን ሕዝብ ያድኑ ነበር። ስለዚህ የጉሙዙ ገበሬ ከምሥራቅ ሲሸሽ ክርስቲያኑ ጌታ፣ ከምዕራብ ሲሸሽ ሙስሊሙ ሸኽ ይጠብቀው ነበር።

በዘጌ ካህን፣ በአሶሳ ሸኽ! ሁለቱንም የጻፈው ብዕር አንድ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ቢጽፉ ኖሮ የሙስሊሙ ጠበቃ እንላቸው ነበር፤ ሁለተኛውን ብቻ ቢጽፉ ደግሞ ለሌላው ወገን ያደሩ እንላቸው ነበር። ሁለቱንም ስለጻፉ የታሪክ ሰው ተባሉ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በታሪክ መምህርነት ያገለገሉትና በ2009 ያረፉት ዶክተር ሑሴን አሕመድም (አላህ ይዘንላቸው) በወሎ እስልምና ላይ በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ የሙስሊሙን ታሪክ ከነገሥታት ጥላ አውጥተው በራሱ እግር አቁመውታል። እነዚህ ሰዎች ለእኛ ባለውለታዎች ናቸው።

ዲናችን ምን ይላል?

«ኢስላም ባርነትን ፈቅዶ የለምን?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶቻችን ዘወትር ይቀርብልናል። ኢስላም ሲመጣ ባርነት በዓለም ሁሉ ነበረ። ቁርኣን ባሪያን ነጻ ማውጣትን የብዙ ጥፋቶች ማካካሻ አደረገው፤ በሱረቱ ተውባ ከተቆጠሩት ስምንቱ የዘካ ክፍሎች አንዱን ለዚሁ ዓላማ መደበ። የአገራችን ልጅ ቢላል (ረ.ዐ.) ከአሰቃዩት እጅ በአቡበክር (ረ.ዐ.) ተገዝተው ነጻ ወጡ፤ የመጀመሪያውም ሙአዚን ሆኑ። ነጻውን ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በቂያማ ቀን አላህ (ሱ.ወ.) ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ እንደሆነ በቡኻሪ ሐዲስ ተዘግቧል። እስቲ እንጠይቅ፦ ከጊቤ መንደር በሌሊት የተነጠቀችው ልጅ ነጻ አልነበረችምን? ከጉሙዝ ማሳ የተያዘው ገበሬ ነጻ አልነበረምን?

ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። የቲምቡክቱው ታላቅ ዓሊም አሕመድ ባባ፣ የሞሮኮ ጦር አገራቸውን ከወረረ በኋላ ተይዘው ወደ ማራካሽ የተወሰዱና የግዞትን ምሬት የቀመሱ ሰው ነበሩ። በ1615 በጻፉት ፈትዋ ነጻ ሙስሊምን ባሪያ ማድረግ ሐራም መሆኑን፣ የቆዳ ጥቁረትም ለባርነት ምክንያት እንደማይሆን አስረዱ። ፈትዋው ተጻፈ፤ ነጋዴው ግን መንገዱን አላቆመም። ጉድለቱ ከዲኑ አልነበረም። ዲኑን እያወቀ ለትርፉ ዝም ካለው ሰው ነበር።

ከሁሉም በላይ በሱረቱ አን-ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ፣ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር ታዘናል። የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

«ገመናችንን ለምን?»

አንዳንድ አባቶች፣ «ልጆቼ፣ ሙስሊሙ ብዙ የተበደለ ነው፤ መሬት ተነፍጎ፣ ተሰድዶ፣ ተገድዶ ኖሯል። አሁን ደግሞ በገዛ አፋችን ባሪያ ሻጭ ነበርን ብንል ለጠላት ቢላ ማቀበል አይሆንም ወይ?» ይሉናል። ስጋታቸው ይገባናል። በሚያዝያ 2022 በዚሁ በጎንደር በሸኽ ኤልያስ መካነ መቃብር ለቀብር የወጡ ወገኖቻችን ሲገደሉ ያየ ሰው እንዲህ ቢሰጋ አይፈረድበትም። አላህ ለሞቱት ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው።

ነገር ግን ያ ቀን ያስተማረን ሌላም ነገር አለ። በማግስቱ ስንት ዓይነት ወሬ ተወራ! ቁጥሩን ያበዛ አለ፤ የሆነውን እንዳልሆነ ያደረገም አለ። የራሱን ወገን ጥፋት ደብቆ የኖረ ሰው፣ የራሱ ወገን ሲበደል የሚያምነው አያገኝም። አያቶቻችን ያጠፉትን በእውነት የተናገርን እንደሆነ፣ በአያቶቻችን ላይ የተፈጸመውንም ስንናገር ቃላችን ይታመናል። ሁለተኛም፣ የጎረቤታችን ልጅ «እናንተ ባሪያ ፈንጋዮች» ሲለው ልጃችን ምን ይመልሳል? ካላወቀ ወይ ይዋሻል ወይ ይደባደባል። ካወቀ ግን፣ «አዎ፣ ከእኛም ከእናንተም ነበሩ፤ የሸጠውም የገዛውም አጥፍቷል፤ ና አብረን እንወቀው» ይላል። ሰላም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከቤታችን እንጀምር

በአገራችን ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነጻ የማውጣት አዋጅ በ1924 ወጣ፤ በ1931 ሌላ ሕግ ተከተለ፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላም በ1942 ባርነት ሙሉ በሙሉ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ሰማንያ ዓመት አልፏል። በአዋጅ ገበያው ተዘጋ፤ በምላሳችን ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ልጅ ሲያጠፋ «ባሪያ!» የምንል፣ ጠቆር ያለውን «ሻንቅላ» የምንል፣ ለኒካሕ ዲንና ጠባይ ከመጠየቅ በፊት አጥንት የምንቆጥር ስንቶቻችን ነን? ከዚህ ተውበት ያስፈልገናል።

ሁለተኛው ሥራችን መመዝገብ ነው። የታሪክ ምሁራን ከመጻሕፍት ሌላ የሽማግሌዎችን ቃል ይሰበስባሉ። በአዲስ ዓለም፣ በጭልጋ፣ በደባርቅና በወገራ ያሉ አረጋውያን አባቶችና እናቶች የሚያውቁትን ይዘው ወደ ኣኺራ እየሄዱ ነው። ልጆች ሆይ! በእጃችሁ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። አያቶቻችሁን ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደነገዱ፣ ማን አብሯቸው በቤት እንደኖረና ስሙ ማን እንደነበር ጠይቋቸው። የሚያኮራውን ብቻ አትቅዱ። በሣጥን ያለ የዐረብኛ ጽሑፍ፣ የውርስ ወረቀት፣ የድሮ የሒሳብ ደብተር ቢኖር ለማገዶ እንዳይውል፤ ለሚያነብ ሰው አሳዩት።

በመጨረሻም ወደዚያች በረንዳ እንመለስ። ሽማግሌው ዝም ያሉት ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ጥያቄውን ከዚያ በፊት ማንም ስላልጠየቃቸው ነው። ከወራት በኋላ ከጁሙዓ ሰላት ስንወጣ አገኙን፤ እጃችንን ጨብጠው፣ «ሸኽዬ፣ ጠየቅሁ። የገዛት የእኛው ቅድመ አያት ነበር» አሉን። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ልጅቱ ግን በዚያን ጊዜ ለሌላ ታጭታ ነበር። እውነቱ በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ ሁለት ወጣቶች በሰላም ተጋብተው ነበር። የታሪክ ዕውቀት ለምን ይጠቅማል የሚለን ካለ ይህን እንነግረዋለን።

አላህ (ሱ.ወ.) እውነትን በእውነትነቱ አሳይቶ የምንከተለው ያድርገን፤ ለአባቶቻችን ጥፋት ምሕረቱን ለምነን ከምንማርበት ያድርገን፤ ስማቸው ሳይጻፍ በመንገድ ለቀሩትም ሁሉ ይዘንላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።